እናቴ ያልሳመችው መስቀል

አጎቴ አባ ስብሐት እኛ ቤት የገቡት ኩፍኝ ይዟቸው ነው ተባልኩ። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችው ሰርቪስ ቤት ተጠርጋ፣ መስኮቷ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ አገኘኋት። እናቴ ትከሻዬን ይዛ፣ «ሲና፣ አባ ታመዋል። ኩፍኝ ነው፤ ይጋባል። እሳቸው እስኪድኑ አንቺም ትምህርት ቤት አትሄጂም። ለማንም አትናገሪም» አለችኝ።

«ኩፍኝ የልጅ በሽታ አይደለም እንዴ?»

«ትልቅ ሰውም ይይዛል» አለችና ፊቷን አዞረች።

አመንኳት። ቤታችን ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል በስተጀርባ ነበር። በበራችን ከሚያልፈው ሰው ግማሹ በሽተኛ፣ ግማሹ አስታማሚ ስለነበረ ሕመም የሚባል ነገር ብዙም አያስደንቀኝም። ያስደነቀኝ የበሩ ነገር ነው። ቀን ቀን ገርበብ ብሎ የሚውለው የቆርቆሮ በራችን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ይቆለፍ ጀመር። ቁልፉ በእናቴ ጡት መያዣ ውስጥ ነው የሚያድረው። ጎረቤታችን እትዬ ደሳለች መጥታ ስታንኳኳ እናቴ በበሩ ስንጥቅ አፏን አስጠግታ፣ «ልጅቷ አሟት ነው፤ ልጆችሽን እንዳይዝብሽ» ስትላት ሰማሁ። እኔ ጤነኛዋ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

ከበራችን ፊት ለፊት፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ቆሞ ይውላል። ሁለት ሰዎች ውስጡ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ፣ ብርቱካን ልጠው ይበላሉ፣ አንዳንዴም ወርደው ወገባቸውን ያፍታታሉ። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች መኪናው መንገድ ስለሚዘጋባቸው ጎንበስ እንዳሉ በጎኑ ይሽሎኮሎካሉ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼ አምቡላንስ ነው ብዬ ደመደምኩ። አባን ወደ ሆስፒታል ለመውሰድ የመጣ፣ እናቴ ግን መርፌ ፈርታ የከለከለችው አምቡላንስ።

አባ ስብሐት የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። የልጅነት ስማቸው ዳኜ ነበር። መንኩሰው ስብሐት ከተባሉ ወዲህ ግን እናቴ አንቱ ትላቸዋለች፤ ከተቀመጠችበት ትነሣላቸዋለች፤ መስቀላቸውን ስትሳለም ግንባሯን፣ ከንፈሯን፣ እንደገና ግንባሯን እያስነካች ቶሎ አትለቅም። እሳቸው ግን እንደ ድሮው «እታለም» ነው የሚሏት።

ጎልማሶቹ ሳሎን ሲያወሩ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። አባቴ ይገዙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሹመቱ ከመጣባቸው ምን ያደርጋሉ? እምቢ ቢሉ ይኸው እንደምናየው ነው። እሺ ቢሉ ደግሞ ውግዘቱ አለ» ይላል።

«ውግዘት የያዘው ሰው ብቻውን መች ይጠፋል?» ትላለች እናቴ። «አብሮት የበላ፣ መስቀሉን የተሳለመ፣ ሁሉም ይያዛል።»

እኔ ከዚህ የገባኝ ሹመትና ውግዘት የሚባሉ ሁለት በሽታዎች መኖራቸው ነው። መጀመሪያ ሹመት ይመጣል። ሹመት ሲብስ ወደ ውግዘት ይቀየራል፣ ያን ጊዜ ይጋባል።

ዛሬ ሳስበው የልጅ ድምዳሜዬ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። መንግሥት ከተለወጠ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ፓትርያርኩ ከመንበራቸው ወርደዋል። ተገደው ነው የሚል ነበር፣ ፈቅደው ነው የሚልም ነበር። በምትካቸው ሌላ ተቀምጧል፤ አዳዲስ ጳጳሳት ሊሾሙ ነው። ከነባሮቹ አባቶች አንዳንዶቹ ሹመቱን አንቀበልም ብለው ካገር ወጡ። አጎቴን ከልጅነታቸው ጀምረው ያስተማሯቸውና ያመነኮሷቸው አረጋዊ ጳጳስ ከወጡት አንዱ ነበሩ።

ሽማግሌው ጳጳስ የተሰናበቱ ዕለት እኔም ነበርኩ። ሽሮ ሜዳ፣ የአንድ ሸማኔ የንስሐ ልጃቸው ግቢ ውስጥ፣ ከጥዋት ጸሎት በኋላ ነው። ድሩ ከዚህ አጥር እዚያኛው አጥር ተወጥሮ፣ ሰዉ በሥሩ ጎንበስ እያለ ይገባል። ለሕክምና ወደ ውጭ ሊሄዱ ነው ተብሏል። በወንበር ተደግፈው ቆሙና ግዕዝ የተቀላቀለበት ረጅም ነገር ተናገሩ። ከሁሉም የያዝኩት መጨረሻውን ነው፤ «ከአዲሱ ፓትርያርክ እጅ ጵጵስና የተቀበለን ሰው መስቀል አትሳሙ፤ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተወገዘ ይሁን!» ሰዉ ሁሉ «አሜን» አለ። እናቴም አሜን አለች። አባ ስብሐት ከእናቴ አጠገብ ነበሩ። እኔም የማዕድ ጸሎት መስሎኝ ጮክ ብዬ አሜን አልኩና ምግቡ ከየት በኩል እንደሚመጣ ዙሪያውን አየሁ።

የታሰርነው በዚያች አሜን ነው። እኔ ግን በኩፍኝ መስሎኝ ነበር።

ቀኖቹ ረዘሙ። ከጓደኞቼ ጋር መጫወት ቀረ። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል እሰማለሁ፤ ግቢው ውስጥ ብቻዬን ሰኞ ማክሰኞ እጫወታለሁ። ሲሰለቸኝ የተከለከልኩት ሰርቪስ ቤት በር ሥር እቀመጣለሁ። አባ መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ ድምፃቸው እንደ ንብ ይሰማል። አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ በትንሹ ተከፈተና ፊታቸውን አየሁት። ቀልተዋል፣ ከስተዋል፤ ሽፍታ ግን የለባቸውም።

«አልወጣብዎትም እኮ» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ኩፍኙ። ካልወጣ ውስጥ ለውስጥ ይገላል ትላለች እማዬ።»

ሳቅ አሉ። «እውነቷን ነው። ይወጣል፣ አትፍሪ።»

«ያሳክካል?»

«ውስጥ ውስጡን» አሉና ኪሳቸው የነበረውን ሽምብራ በእጄ ላይ አፈሰሱልኝ። እንዳይዘኝ ፈርቼ እጄን ልሰበስብ አልኩ፤ ደግሞ አፈርኩ። በልቼ ጨረስኩት።

አንድ ቀን ከላንድክሩዘሩ አንደኛው ሰው ወርዶ በራችንን አንኳኳ። ግዛቸው እባላለሁ አለ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነው። ሐኪሙ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። የቀረበለትን ሻይ በሁለት እጁ ተቀበለ።

«እኔ ሰው ላስጨንቅ አልመጣሁም» አለ። «እንኳን ደስ ያላችሁ ልል ነው። ወንድም ጳጳስ ሊሆን ሲል ቤተሰብ ይደበቃል እንዴ?»

«እዚህ ቤት የተደበቀ ሰው የለም» አለች እናቴ።

«አባን የሚወዳቸው ሕዝብ ብዙ ነው፣ እትዬ የዓለምወርቅ። የሚመደቡበትን አገር ቋንቋ ያውቃሉ። እሳቸው ከተቀበሉ ያመነታው ሁሉ ይቀበላል። የሚቀሩ ከሆነ ደግሞ…» ሻዩን ፉት አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «አንቺስ፣ አባ ተሻላቸው? ኩፍኝ ነው አሉኝ» ብሎ ፈገግ አለ።

ሳያያቸው በሽታቸውን ማወቁ ገረመኝ። እናቴ ወደ ኋላዋ ሳበችኝ። ለካ እነዚህ የመንግሥት ሰዎች አባን ፈልገው ያጡ አልነበሩም። የት እንዳሉ ከመጀመሪያው ቀን ያውቃሉ። በራችን ላይ የቆሙት እንደሚያውቁ እንድናውቅላቸው ነበር። በሩን ሰብረው የወሰዱት ጳጳስ አይጠቅማቸውም፤ በእግሩ መጥቶ እሺ ማለት አለበት።

ሲወጣ አባቴን ትከሻውን መታ አደረገው። «አቶ ይገዙ፣ መጋዘኑ ደህና ነው? ግምገማ አላችሁ ሲሉ ሰማሁ።»

አባቴ የአንድ የመንግሥት መጋዘን ኃላፊ ነበር። በማግስቱ ሥራ አልሄደም። ዕረፍት ወጥቶ መሰለኝና ደስ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ካርታ አጫወተኝ፣ «ስትሸነፍ አትቆጣም» ብዬ አደነቅኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዎች ጠርተውት ሄደ። የት ሄደ ስል እናቴ፣ «መስክ ወጣ» አለችኝ። አባቴ መስክ በወጣ ቁጥር ሙዝና የሸንኮራ አገዳ ይዞልኝ ስለሚመጣ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ። እናቴ ምግብ በሳህን ቋጥራ ትወጣለች፣ ስትመለስም ሳህኑ እንደተቋጠረ ነው። ከውጭ ትቆልፍብናለች። አባና እኔ ብቻችንን እንቀራለን፤ እሳቸው በሰርቪስ ቤቱ፣ እኔ በግቢው። ዳዊት ሲደግሙ መስማቴም ቀረ። ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት።

አባ የወጡት በጠራራ ፀሐይ ነው። እናቴ ገና ከውጭ መመለሷ ነበር። በሩ ተከፈተና ታጥበው፣ ጢማቸውን አበጥረው፣ ንጹሑን ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። ብርሃኑ ዓይናቸውን ስላጨናበሳቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ።

«አባ ዳኑ!» ብዬ ጮኽኩ።

እናቴ ያልተፈታውን ሳህን መሬት አስቀመጠችና በራችንን በጀርባዋ ተደግፋ ቆመች።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ቁልፉን ስጪኝ፣ እታለም።»

«ይገዙ ይለቀቃል። ዛሬ ወይ ነገ ይለቁታል። ይግቡ አባ።»

«ለይገዙ ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ብለው ነው?»

አባ ወደ እኔ አየት አሉ፣ ከዚያ ወደ እሷ። ሲናገሩ ድምፃቸው እንግዳ ነበር፤ ጮክ ያለ፣ ደረቅ። «ለራሴ። ጵጵስናውን ፈልጌው ነው። እስከ መቼ ተራ መነኩሴ ሆኜ ልኑር? ሰው ሁሉ ሲሾም እኔ በሰው ጓዳ ተሸሽጌ ልቅር?»

እናቴ ያን ጊዜ አንቱታው ጠፋት። «ዳኜ! አጠገቤ ቆመህ አሜን ብለሃል። በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ!»

«ብያለሁ።»

«በገዛ አፍህ ያሰርከውን…»

«ዐውቃለሁ። ቁልፉን ስጪኝ።»

አልሰጠችም። አባ ቀርበው እጇን ሊይዙ ሲሉ፣ እንዳይነኳት ወደ ጎን ሸሸች። በሩ ከጀርባዋ ነጻ ሆነ። ቁልፉ ግን አልነበራቸውምና አባ ስብሐት እንደ ጎረምሳ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በቆርቆሮው ላይ ተንጠላጥለው ዘለሉ። እኔ ሳቅኩ። መነኩሴ አጥር ሲዘል አይቼ አላውቅም። የላንድክሩዘሩ ሞተር ተነሣ፣ ድምፁ ወደ ጳውሎስ በኩል ራቀና ጠፋ። እናቴ በሩ ሥር ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። ድነው ሄደው ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም።

አባቴ በማግስቱ መጣ። ጢሙ አድጓል፣ ጫማው ክር የለውም፣ ሙዝም አልያዘም። አኮረፍኩት። አቅፎኝ ሲስመኝ ሽታው አስጠላኝና ገፍትሬው ወጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ፣ እኔም ወደ ትምህርት ቤት። ለልጆቹ ሁሉ በጣም የሚያሳክክ ኩፍኝ ይዞኝ እንደነበር አወራሁላቸው።

የጥምቀት ሰሞን አባ መጡ። አሁን አቡነ ሆነዋል፤ ስማቸውም ተለውጧል። አዲሱን ስም እናቴ አንድም ቀን ስላልጠራችው እኔም እዚህ አልጽፈውም። ጥቁር ካባ ደርበዋል፣ አንገታቸው ላይ ትልቅ መስቀል ተንጠልጥሏል። የሰፈሩ ሴቶች እልል አሉ። እትዬ ደሳለች ከሰዉ ሁሉ ቀድማ ተሳለመች። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፣ ወደ ፊት ግን አልመጣችም።

እሳቸው ወደ እሷ ሄዱና የእጅ መስቀላቸውን ዘረጉ።

እናቴ መስቀሉን አየችው። ከዚያ እኔን ጀርባዬን ገፋ አደረገችኝ። «አንቺ ሳሚ» አለችኝ በሹክሹክታ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይያዝብሽም።»

ሳምኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ሽታው የጧፍ ነው። አባ እጃቸውን አላጠፉም፤ በእኔ ራስ ላይ አሻግረው መስቀሉን ወደ እሷ እንደያዙት ቆሙ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቆሙ። በመጨረሻ መስቀሉን ወደ ካባቸው መለሱት። እናቴ ምግብ አቀረበችላቸው፣ አስተናገደቻቸው፣ አብራቸው ግን አልተቀመጠችም። እኔ ውግዘቱ ገና እንዳልለቀቃቸው ገባኝ። በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሽፍታ ወጥቶብኝ እንደሆነ ክንዴንና ሆዴን ስፈትሽ ሰነበትኩ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሩቅ ሀገረ ስብከታቸው ሄዱ። አዲስ አበባ ሲመጡ እኔና አባቴ ሄደን እንጠይቃቸዋለን። እናቴ የሚወዱትን በሶ አዘጋጅታ ትልካለች፣ ራሷ አትሄድም። ቤታችን ውስጥ ስማቸው ሲነሣ ሥራ ትፈልግና ትወጣለች። መስቀል የሚስም ሰው ስታይ ዓይኗ የሚሆነውን ዐውቃለሁ።

አባቴ ሊሞት አካባቢ፣ እኔ ፋርማሲስት ሆኜ እዚያው ጳውሎስ አካባቢ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ መድኃኒቱን ስሰጠው እጄን ያዘኝ። «የዚያን ጊዜ ሊያስፈርዱብኝ ነበር» አለኝ። «የመጋዘን ዕቃ አጉድለሃል ብለው ምስክር ሁሉ አዘጋጅተዋል። አባ ወጥተው እሺ ባሉ ዕለት ነው የተለቀቅኩት። ለራሴ ነው ያሉት ውሸታቸውን ነው። እናትሽ ባለ ዕዳቸው ከምትሆን ብትጠላቸው ይሻላል ብለው ነው። አትንገሪያት፤ ካወቀች ትሞታለች።» እኔም አልነገርኳትም። ያቺን አንዲት ነገር ይዤ ከእናቴ ጋር አንድ ቤት መኖር ከኩፍኙ ጊዜ የባሰ መታሰር ነበር። ስማቸው ሲነሣ ተነሥታ ስትወጣ አፌ ድረስ ይመጣል፣ እውጠዋለሁ።

ከዚያ የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች የታረቁበት ክረምት መጣ። ውግዘቱ ከሁለቱም ወገን ተነሣ ተባለ። በቴሌቪዥን ሰው ሲተቃቀፍ፣ ሲያለቅስ እያየን፣ «እማዬ፣ ተፈታ እኮ!» አልኳት።

«ማን ፈታው?»

«ሲኖዶሱ ነዋ።»

«እኔ አሜን ያልኩት ለሲኖዶስ አይደለም። ለሽማግሌው አባታችን ነው። እሳቸው ደግሞ በሰው አገር አርፈዋል። ተነሥተው ይፍቱኝ?»

ቀዳሾች፣ የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ አስረዷት። «እሺ» ትላለች። ውስጧ ግን እሺ አይልም።

አባ የመጡት በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። መኪናቸውን አስፋልቱ ላይ አቁመው በእግራቸው ነው የመጡት። ካባ የለም፣ የአንገት መስቀል የለም፤ ያረጀ ጥቁር ቀሚስና ቆብ ብቻ። ጉልበቷን ስለሚያማት እናቴ በረንዳው ላይ ወንበር ላይ ነበረች። ልትነሣ ስትል፣ «አትነሺ» አሏትና ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። «መስቀል አልያዝኩም።»

ከዚያ ያረጁት አጎቴ በሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። እየተንገዳገዱ ስለነበረ ልደግፋቸው ስጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ። ራሳቸውን እናቴ ጭን ላይ አደረጉ።

«ልባርክሽ አልመጣሁም፣ እታለም። አንቺ መርቂኝ።»

«ኧረ! እኔ ማን ሆኜ?»

«ያሳደግሽኝ ነሽ። አባታችን የዚያን ቀን መስቀሉን አትሳሙ ነው ያሉት። አትመርቁት፣ አብራችሁት አትብሉ አላሉም።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። የሸማኔውን ግቢ፣ የሽማግሌውን ንግግር ቃል በቃል ስትመረምር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየኋት። አላሉም ነበር። ከዚያ ቆባቸውን አወለቀችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ መዳፏን መላጣቸው ላይ አሳረፈች። «ዕድሜ ይስጥህ» አለች። «ከሰው ክፉ ይሰውርህ። ያቃጠለህን ያብርድልህ። ኀጢአት ሆኖብህም እንደሆነ በእኔ ያድርገው።» ሌላም ብዙ አለች፤ እኔ በልቅሶዬ ምክንያት አልሰማሁትም። አባ እንደ ተንበረከኩ ትከሻቸው ይርገፈገፋል።

በአንድ ትሪ በሉ። አባ ሲሄዱ እስከ መኪናቸው ሸኝቼ ስመለስ እናቴ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ጊዜው አሁን ነው ብዬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «እማዬ፣ አባዬ የነገረኝ ነገር አለ። አባ የዚያን ቀን የወጡት…»

«ለአባትሽ ነው» አለች።

ደነገጥኩ። «መቼ ዐወቅሽ?»

«ያኔውኑ። አጥሩን ሲዘል። ዳኜ ሹመት የሚወድ ሰው ነው እንዴ? እኔ አይደለሁ ያሳደግኩት?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ‹ባሌን ስላተረፍክልኝ አመሰግናለሁ፣ መስቀልህን ግን አልስምም› ልበለው? የተጣላሁት ቢመስለው ይሻለው ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። መሸት ሲል፣ «የዳኜ ስልክ አለሽ? ደውዪልኝ» አለችኝ።

ደውዬ ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። ያነሣው ሾፌራቸው ነው። «ብፁዕ አባታችን ዐረፍ ብለዋል፤ ማን ልበላቸው?» ሲል ይሰማኛል።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«እህቱ ነኝ» አለችው። «ቀስቅሰው።»